ቀይ ቀበሮና መኖሪያው

ስለ ዱር እንስሳት ኑሮ የሚገልጡ ዘጋቢ ፊልሞች ከሚሰጡት ጥቅም ዋነኛው ሩቁን ማቅረባቸው ነው። በቀራንዮ የሚኖር ተማሪ የሕንድን ምድር ሳይረግጥ፣ ታይገር የሚባለው የእስያ ታላቅ ነብር አድፍጦ ሲያድን፣ የሚሸሸግበትም ደን በመጥረቢያ እየሳሳ ሲሄድ በቴሌቪዥን ለመመልከት ይችላል። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ አደጋ ያንዣበበበት እንስሳ በገዛ አገሩ ተራሮች ላይ መኖሩን ሳያስተውል ይቀር ይሆናል። ይህ እንስሳ ቀይ ቀበሮ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዝርያው ይበልጥ የሚቀርበው ለተኩላ ነው። የሚኖረውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጡ ብርዳማ ስፍራዎች፣ ይኸውም በባሌ፣ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ተራሮች ነው። በመንጋ ሆኖ ቡችሎቹን በኅብረት ያሳድጋል፤ ለአደን ግን በቀን ለየብቻው ይሰማራል። ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። እነዚህም የሚራቡት ሣር ሲኖር ነው፤ ሣሩም የሚለመልመው መሬቱ ካልታረሰና ከልክ በላይ ካልተጋጠ ነው። ስለዚህ ሣሩ ሲጠፋ አይጡ ይጠፋል፤ አይጡ ሲጠፋም ቀበሮው የሚበላው ያጣል።

በቀይ ቀበሮ ላይ የተደቀኑት ዋና ዋና አደጋዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የመኖሪያው መጥበብ ነው። የሰው ቁጥር እየበዛ በሄደ መጠን የገብስና የድንች እርሻ ወደ ተራራው ራስ ይወጣል፤ ከብቱም ይከተላል። ሁለተኛው በሽታ ነው። እረኞች የሚያስከትሏቸው ውሾች የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቀበሮዎቹ ያስተላልፋሉ። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 በተነሣው ወረርሽኝ፣ በሽታው በደረሰባቸው ስፍራዎች ብዙ ቀበሮዎች አልቀዋል። ከዚህ የተነሣ በአገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ይገመታል። አደጋውን ለመቀነስ ውሾች ይከተባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት ተጀምሯል።

ታዲያ ቀበሮውን ለማዳን ገበሬውን ከአገሩ ማስነሣት ግድ ነውን? የመንዝ ጓሳ ታሪክ ሌላ መልስ ይሰጣል። የመንዝ ሰው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚፈልገውን የጓሳ ሣር፣ ለተወሰኑ ዓመታት እየከለከለ በጊዜው በማጨድ ለብዙ ዘመናት ሲጠብቀው ኖሯል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነባሩ ሥርዓት ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ኋላ የራሱን መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጥሏል። ሰው ለራሱ ጥቅም ብሎ ያቆየው ሣር ለቀይ ቀበሮም መጠጊያ ሆኗል።

እንግዲህ ፊልም ሠሪው ካሜራውን የሚያነጣጥረው በእንስሳው ላይ ነው፤ አስተዋይ ተመልካች ግን እንስሳው የቆመበትን መሬትም ይመረምራል። ተማሪዎችም እንዲህ ያለውን ፊልም ሲያዩ፣ «ይህ እንስሳ ምን ይበላል? ምግቡ የሚገኘው ከየት ነው? በዚያ መሬት የሚተዳደረውስ ሰው ማን ነው?» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ የሚደረግ ጥበቃ ዘላቂ ሊሆን አይችልም።