የእስፓንያ ግስ ስለሚነበብበት ሥርዓት

በእስፓንያ ቋንቋ ድምፅ የሚበረታበትን ስፍራ ያላወቀ ሰው፥ ፊደሉን ሁሉ ቢለይ እንኳ ነገሩን ይስታል። «ፓጎ» የሚለው ግስ ፓ እና ጎ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ድምፁ በፓ ላይ ሲበረታ «እከፍላለሁ»፥ በጎ ላይ ሲበረታ ግን «እርሱ ከፈለ» ማለት ነው። በዕዳ ነገር ይህን የሳተ ሰው፥ ሌላው የከፈለውን «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ያነባል።

«ፓጋሞስ» ማለት «እንከፍላለን» ነው፤ ሲከፈልም ፓ፥ ጋ፥ ሞስ ይሆናል፥ የሚበረታውም ጋ ነው። በአናባቢ፥ በን ወይም በስ የሚጨርስ ቃል እንደ ልማዱ ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል ይበረታልና። ይህ ልማድ ሲፈርስ በአናባቢው ራስ ላይ ትንሽ ጭረት ይጻፋል፤ «ከፈለ» የሚለው ጭረት አለው፥ «እከፍላለሁ» የሚለው ግን የለውም።

በአማርኛም «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፥ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ ነገር ግን ምልክት ስለማይጻፍበት አንባቢው ከነገሩ አካሄድ ይለየዋል። በዚህስ የእስፓንያ አንባቢ ሥራው ይቀልለታል፤ ጭረቷን ማየት ይበቃዋልና።