መኪናን ዝቅ የሚያደርግ ሞላ በላስታ መንገድ ሲመዘን

የመኪና መለዋወጫ ንግድ እየሰፋ በሄደ መጠን፣ ቀድሞ በእሽቅድምድም ሜዳ ብቻ ይታይ የነበረው ዕቃ ወደ ተራው ገበያ መግባቱ የታወቀ ነው። ከእነዚህም አንዱ፣ የስፖርት መኪናን ቁመት ዝቅ ለማድረግ በፋብሪካው ሞላ ፈንታ የሚገባው አጭር ሞላ ነው። በአዲስ አበባ ሕዝቡ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራቸውን የቆዩ ቶዮታ ኮሮላዎች አስጊጠውና ዝቅ አድርገው የሚነዱ ወጣቶች አሉ፤ እንዲህ ያለውም ፍላጎት ወደ ሌሎች ከተሞች መዛመቱ አይቀርም።

ይህን ዕቃ አስመጥቶ መሸጥ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ገዢው መኪናውን የት እንደሚነዳበትና ምን እንደሚጭንበት ሳይጠይቅ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዛሬ ያገኘውን ትርፍ ነገ በተመላሽ ዕቃና በጠፋ ደንበኛ ይከፍላል። የዕቃውን ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን ከላስታ ደጋ የተሻለ ሚዛን የለም፤ በዚያ የማይሠራ ነገር በብዙው የአገራችን መንገድ ላይ አይሠራምና።

የሞላ ተግባር

ሞላ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው የመኪናውን ክብደት ተሸክሞ አካሉን ከመሬት በተወሰነ ከፍታ ማቆም ነው፤ ሁለተኛው ጎማው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲያገኝ ተጨምቆና ተዘርግቶ፣ አካሉ ሳይናወጥ ጎማው ከመሬት እንዳይለይ ማድረግ ነው። የሞላውን መወዛወዝ የሚያረጋጋው አሞርቲዛቶር ሲሆን፣ ሞላው ከመጠን በላይ ሲጨመቅ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ የሚያግደው ደግሞ የላስቲክ መቆሚያ ነው።

የሞላ ጥንካሬ የሚለካው አንድ ሴንቲ ሜትር እንዲጨመቅ በሚያስፈልገው ክብደት ነው። ጥንካሬውን የሚወስኑት የሽቦው ውፍረት፣ የክቡ ስፋትና የዙሩ ብዛት ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ኃይል ያለው የሽቦው ውፍረት ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ሽቦ በ13 ሚሊ ሜትር ቢተካና ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢሆን፣ ሞላው 38 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ስለዚህ በዓይን ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሞላዎች በሥራ ላይ ፈጽሞ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ባለሱቅም በዓይን ግምት «ይኸኛው ይሆናል» ብሎ መሸጥ አይገባውም።

ዝቅ ማድረግ የሚሰጠው ጥቅም

በገበያ ላይ የሚገኘው ዝቅ ማድረጊያ ሞላ አብዛኛውን ጊዜ መኪናን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ያወርዳል። መኪናው ሲወርድ የክብደቱ ማዕከል ስለሚወርድ፣ በጥምዝ መንገድ ላይ ወደ ውጭው ጎማ የሚሸጋገረው ክብደት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ቅናሹ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ትልቅ አይደለም። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ መኪና በ3 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ የሚቀንሰው የሚሸጋገረው ክብደት ከ5 እስከ 6 በመቶ ብቻ ነው። ነጂው «መኪናዬ ተለወጠች» ብሎ የሚሰማው ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው ከመውረዱ ሳይሆን ሞላው ስለጠነከረ ነው።

ይህም ቢሆን ለስላሳ አስፋልት ባለበት አገር ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ኤይባክን የመሰሉ የጀርመን ሞላ ሠሪዎች በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀው፣ መንገዳቸው ለዚሁ የተመቸ በመሆኑ ጭምር ነው። በዚያም አገር ቢሆን ዝቅ ማድረጊያ ሞላ ለየትኛው መኪናና ለስንት ክብደት እንደተሠራ የሚያስረዳ የምርመራ ወረቀት ሊኖረው ይገባል እንጂ እንዲሁ ተገዝቶ አይገጠምም።

የላስታ ሚዛን

ከወልድያ ተነሥቶ በድልብ በኩል ደጋውን የሚወጣው መንገድ ጋሸና ሲደርስ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሰሜን ይታጠፍና 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ላሊበላ ይገባል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር አካባቢ ተቀምጣለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ አገር ዳገት፣ ቁልቁለትና ጥምዝ የማይቀሩ ናቸው። ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚገቡት መንገዶች ጠጠርና ጥርጊያ ሲሆኑ፣ ክረምት ሲገባ ጎርፍ መሐላቸውን ይቦረቡረዋል፤ ጎማ ያልረገጠው መካከለኛ ጉብታም የመኪናን ሆድ ይጠብቃል።

በዚህ ላይ መኪናው ባዶውን አይሄድም። በላሊበላ ያለ ባለሱቅ ዘይቱን፣ ስኳሩንና ሳሙናውን ከወልድያ ያመጣል፤ የላስታን ማር ወደ ገበያ የሚያወጣውም በጣሳ ሞልቶ ይጭናል። ታኅሣሥ 29 ቀን ለሚከበረው የልደት በዓል ምእመናን ከየአቅጣጫው ሲጎርፉ፣ መኪና ያለው ሁሉ ሰውና ጓዝ እስከ አፉ ይሞላል። ሞላውም የሚፈተነው በዚህን ጊዜ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንዲት አነስተኛ የቤት መኪና ለምሳሌ ትወሰድ። ባዶዋን ሳለች ከመሬት ያላት ከፍታ 150 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኋላ ሞላዋ የላስቲክ መቆሚያውን እስኪነካ ድረስ 80 ሚሊ ሜትር ሊጨመቅ ይችላል። እያንዳንዱ የኋላ ሞላ አንድ ሴንቲ ሜትር እንዲጨመቅ 25 ኪሎ ግራም ይፈልጋል። በኋላዋ በኩል 200 ኪሎ ግራም ቢጫን ለእያንዳንዱ ሞላ 100 ኪሎ ግራም ይደርሰዋል፤ መኪናዋም በ40 ሚሊ ሜትር ትወርዳለች። ከመሬት 110 ሚሊ ሜትር ይቀራታል፤ ድንጋይ ብትረግጥም ሞላው ገና 40 ሚሊ ሜትር መጨመቂያ አለው።

አሁን ደግሞ ይህችው መኪና 35 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግና በ30 በመቶ የጠነከረ ሞላ ተገጠመላት እንበል። ያው ጭነት ሲጫንባት የምትወርደው 31 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን አስቀድማ 35 ስለወረደች፣ ከመሬት የሚቀራት ከፍታ 84 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከአንድ መዳፍ ስፋት የማይበልጥ ነው። ለሞላው መጨመቂያ የሚቀረው ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

እንዲህ ያለች መኪና ትንሽ ጉብታ ባገኘች ቁጥር ሞላዋ መቆሚያውን ይመታል። ከዚያ በኋላ ሞላ የሌላት ያህል ነው፤ ምቱ ሁሉ ለአካሉ፣ ለጎማው፣ ለቸርኬውና ለኩሽኔታው ይተርፋል። ማርሚታውና የሞተሩ ዘይት መያዣ ኮፓ በድንጋይ ይመታሉ። ኮፓ ተቀዶ ዘይት ሲፈስ ነጂው ሳያውቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ በሞላ የተጀመረው ወጪ በሞተር ያበቃል።

ከሁሉ የከፋው በቁልቁለት ጥምዝ ላይ የሚደርሰው ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጥምዙ ደግሞ ወደ ውጭው ጎማ ይገፋዋል። በዚያ ቅጽበት የዚያ ጎማ ሞላ መቆሚያውን ከመታ፣ ጎማው የመንገዱን ጉድጓድና ጉብታ መከተል ትቶ ይዘላል፤ መያዙንም በድንገት ይለቃል። ገደል አፋፍ ላይ ይህ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

ሞላ መቁረጥ

አንዳንዱ ሰው አዲስ ሞላ የሚገዛበትን ገንዘብ ለማትረፍ የፋብሪካውን ሞላ ያስቆርጣል። ስድስት የሚሠራ ዙር ያለው ሞላ አንዱ ዙር ቢቆረጥ በ20 በመቶ ይጠነክራል፤ ይሁን እንጂ ጫፉ በመቀመጫው ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድም ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል። በእሳት የተቆረጠ እንደሆነ ደግሞ የብረቱ ጠባይ ይበላሻል፤ ሞላ ሞላ የሚባለው በፋብሪካ በሙቀትና በማቀዝቀዝ ባገኘው ጠባይ ነውና። ይህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደተባለው ነው፤ የነበረውን ደኅና ነገር አበላሽቶ ዕዳ መግዛት።

የጎረቤት አገር ምስክር

የስፖርት መኪና በአፍሪካ ደጋ እንዴት እንደሚነዳ ለማወቅ የሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር ይመልከት። በዚያ ውድድር ዳትሰን 240ዜድ የተባለችው የስፖርት መኪና በ1971 እና በ1973 አሸንፋለች። ፖርሸ 911 የተባለችውም በ1978 ሁለተኛ ወጥታለች። ፖርሸን ለዚህ ውድድር ያዘጋጁት ሰዎች የሠሩት ሥራ ዝቅ ማድረግ ሳይሆን፣ ከመሬት ከፍ ማድረግና ሆዷን በብረት መሸፈን ነበር። ለፍጥነት የሚወዳደሩት እንኳ መኪናቸውን ካነሡ፣ በየቀኑ ለሥራ የሚነዳው የሚያወርድበት ምክንያት እምብዛም አይገኝም።

የኤሌክትሪክ መኪና

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተገለጸ ወዲህ፣ የአስመጪዎች ዓይን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። በዚህ መኪና የሞላ ነገር ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባትሪው ከባድ ስለሆነ፣ በመጠን ለምትመስላት የቤንዚን መኪና የተሠራ ሞላ አይሆናትም። ባትሪው የሚቀመጠውም ከወለሉ በታች ነው፤ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ ማለት ከመኪናዋ ሁሉ ውድ የሆነውን ክፍል ወደ ድንጋዩ ማቅረብ ማለት ነው።

ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

አስመጪው ሞላ ሲያዝ የመኪናውን ስም ብቻ ጽፎ አይላክ። የሻንሲውን ቁጥር፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሞተሩን ዓይነትና በፊትና በኋላ የሚያርፈውን ክብደት አስታውቆ ይዘዝ። ሞላው ላይ የዕቃው ቁጥር መታተሙን፣ ከነወረቀቱ መምጣቱንና ቀለሙ አለመላጡን ይመርምር፤ ቀለም በተላጠበት ዝገት ይጀምራል፤ ዝገት በጀመረበትም ሞላ ይሰበራል። ለላስታና ለመሰል አገሮች ገበያ ደግሞ በፋብሪካው ልክ የተሠራ ሞላ፣ እንዲሁም ለጭነት ጠንከርና ከፍ ያለ ሞላ ማስመጣት ከዝቅ ማድረጊያው ይልቅ ገዢ ያገኛል።

ባለሱቁ በበኩሉ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፦ መኪናው የሚነዳው በየትኛው መንገድ ነው? የሚጭነው ምን ያህል ነው? አሞርቲዛቶሩ ስንት ዘመኑ ነው? መልሱ «አስፋልት ብቻ፣ ጭነት የለም» ከሆነና ገዢው ከፈለገ፣ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ዝቅታ ያለውን፣ አራቱንም ባንድነትና ከሚስማማ አሞርቲዛቶር ጋር ይሽጥለት። በአንድ በኩል ብቻ ወይም ባረጀ አሞርቲዛቶር ላይ መግጠም ገንዘብን በውኃ ላይ እንደ መጣል ነው።

ለሚገጥመው መካኒክም ጥቂት ማሳሰቢያ አይጠፋ። የተጨመቀ ሞላ ሰው የሚገድል ኃይል ስላለው ያለ መጭመቂያ መሣሪያ አይፈታ። የላስቲክ ማያያዣዎቹ ብሎኖች የመጨረሻ መጥበቂያቸው መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ የጎማው አላይመንትና የፊት መብራቱ አቅጣጫ እንደገና ይስተካከል፤ አለዚያ ጎማው በአንድ ወገን ተበልቶ ሳይቆይ ያልቃል። ባለመኪናውም ከመጀመሩ በፊት የኢንሹራንስ ኩባንያውንና መኪናውን በየዓመቱ የሚመረምረውን ክፍል ይጠይቅ።

ሞላ ከመኪናው ሥር ተደብቆ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ገዢው ጥሩነቱን በሱቁ ጠረጴዛ ላይ አያውቀውም። የሚያውቀው ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው ጥምዝ ላይ፣ ልጆቹን በኋላ ወንበር አስቀምጦ ፍሬን የያዘ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መኪናው መንገዱን ሳይለቅ ካለፈ ገዢው የባለሱቁን ስም በበጎ ያነሣል፤ ለሚቀጥለውም ዕቃ ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።