ከፈረስ መጋላ እስከ ፍራንክፈርት፤ የነጋዴ ውርስ በሁለት ሕጎች መካከል

በሐረር ጁገል መካከል የሚገኘው ፈረስ መጋላ ስሙን ያገኘው ከጥንቱ የፈረስ ገበያ ነው። ከዚህ አደባባይ ወደ ባሕር ማዶ የሚሄደው ግን ቡናና ቆዳ ብቻ አልነበረም፤ የሟች ሀብትና የወራሽ ጥያቄም ከንግዱ ጋር አብሮ ሲጓዝ ኖሯል። በሐረር ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ በ1884 ዓ.ም. በማርሴይ ከተማ ሊሞት ሲል፣ አገልጋዩ ለነበረው ለጃሚ 3000 ፍራንክ እንዲሰጥ ለእኅቱ በቃል አደራ አላት። እኅቱም ገንዘቡን በካቶሊኩ ጳጳስ በኩል ወደ ሐረር ላከች፤ ጃሚ ግን ሞቶ ስለ ተገኘ ለወራሾቹ ተከፈለ። የፈረንሳይ ሕግ በቃል የሚደረግ ኑዛዜን ስለማይቀበል፣ ነገሩ የተፈጸመው በእኅቲቱ ታማኝነት እንጂ በዳኛ ትእዛዝ አይደለም። እንዲህ ያለች እኅት ለሁሉም አትገኝም።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን በጀርመን አገር ኑሯቸውን ስለ መሠረቱ፣ ጉዳዩ ዛሬ የብዙ የነጋዴ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ለምሳሌ ያህል፣ በፈረስ መጋላ ዙሪያ ሱቅ፣ በጁገል ውስጥ የአባት ቤት፣ በፍራንክፈርት ደግሞ መኖሪያ ቤትና የባንክ ሒሳብ ያለውን አንድ ነጋዴ እናስብ። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከእርሱ ጋር በጀርመን ይኖራሉ፤ ሦስተኛው ልጅ ሐረር ሆኖ ሱቁን ይጠብቃል። ይህ ሰው ቢሞት ንብረቱን የሚያከፋፍለው የየትኛው አገር ሕግ ነው?

ከነሐሴ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት፣ የጀርመን ፍርድ ቤት የሚመለከተው ሟቹ በመጨረሻ ዘወትር ይኖርበት የነበረውን አገር ሕግ ሲሆን፣ ይኸውም በሐረር ያለውን ቤት ሳይቀር ይጨምራል። ሆኖም ሟቹ በኑዛዜው የዜግነቱን ሕግ በግልጽ መርጦ እንደ ሆነ ምርጫው ይጸናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ የአገሮች ሕጎች ሲጋጩ የትኛው እንደሚመረጥ የሚወስን ክፍል የለውም። ከጀርመን ፍርድ ቤት የተገኘ የወራሽነት ማስረጃም ሐረር ሲደርስ ያለ ሌላ ሥርዓት በራሱ ይሠራል ተብሎ መታመን የለበትም፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የውጭ አገር ፍርድ በኢትዮጵያ ከመፈጸሙ በፊት ፈቃድ እንዲጠየቅበት አዟልና።

ሁለቱ ሕጎች ሚስትን በሚመለከት እጅግ ይለያያሉ። በኢትዮጵያ ሕግ ሚስት ከጋራው ሀብት ድርሻዋን ትወስዳለች እንጂ ኑዛዜ ከሌለ የባሏ ወራሽ አይደለችም፤ የሟቹን ድርሻ ልጆቹ እኩል ይካፈሉታል። በጀርመን ሕግ ግን ልጆች ያሏት ሚስት፣ ባልና ሚስቱ የተለየ የንብረት ውል ካላደረጉ፣ የውርሱን ግማሽ ታገኛለች። ልጁን ከውርስ ሊነቅል የፈለገ አባት በኢትዮጵያ ምክንያቱን በኑዛዜው መግለጽ አለበት፤ በጀርመን ደግሞ የተነቀለው ልጅ ሊደርሰው ይችል ከነበረው ድርሻ ግማሹን በገንዘብ መጠየቅ ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከለው በኑዛዜው አጻጻፍ ላይ ነው። በጀርመን አገር ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት መናዘዛቸው የተለመደና የተፈቀደ ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 858 ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ያደረጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው ይላል። ስለዚህ ባልና ሚስት በፍራንክፈርት ተስማምተው የፈረሙት ወረቀት በሐረር ለሚገኘው ቤት ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። በአንጻሩ፣ በሐረር በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ ኑዛዜ በጀርመን በአጻጻፉ ምክንያት አይወድቅም፤ ጀርመን በተደረገበት አገር ሥርዓት የተደረገን ኑዛዜ ትቀበላለችና።

ለሁለቱም አገር የሚስማማው፣ ባልም ሚስትም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወረቀት፣ ሙሉውን በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ገልጸው፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ቢያኖሩበት ነው። በመኪና ተጽፎ የተፈረመ ብቻ የሆነ ወረቀት በጀርመን እንዲህ ካለው ኑዛዜ አይቈጠርም። በእጅ የተጻፈውም ቢሆን በኢትዮጵያ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል፤ ይህችን ቀን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የተደረገ ኑዛዜ ደግሞ ለአንድ ሰው ከ500 ብር በላይ ለመስጠት አያስችልም፤ ይህም በዛሬ ገበያ ምን እንደሚገዛ ነጋዴው ያውቀዋል።

በሐረር ብዙ የእስልምና ተከታይ ቤተሰቦች የውርስ ጉዳያቸውን በፈቃዳቸው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይወስዳሉ፤ ሕገ መንግሥቱም በተከራካሪዎቹ ስምምነት ይህን ፈቅዷል። በሸሪዓ ኑዛዜ ከንብረቱ ሲሶ ሊያልፍ ስለማይችል፣ አንድ ሰው ከመናዘዙ በፊት ቤተሰቡ ወደ የትኛው ዳኛ እንደሚሄድ መነጋገር ይኖርበታል።

ሱቁን በውክልና ይዞ የሚሠራው ልጅ ደግሞ፣ ውሉ በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር፣ ውክልናው አባቱ በሞተበት ቀን እንደሚቀር ይወቅ፤ ከዚያ በኋላ በሟቹ ስም የሚፈርመው ሁሉ ከወንድሞቹና ከባለ ገንዘቦች ጋር ያጣላዋል። የተከራየው ሱቅ የቀበሌ ቤት እንደ ሆነም ቤቱ የመንግሥት ስለ ሆነ ከውርሱ አይገባም፤ ዕቃው ግን ይገባል።

ዕዳን በሚመለከት የጀርመን ሕግ ጥብቅ ነው። ወራሽ የሟቹን ዕዳ አብሮ ስለሚወርስ፣ በሕጉ መንገድ ኃላፊነቱን ካልወሰነ ከራሱ ንብረት ሊከፍል ይችላል። ውርሱን አልቀበልም ለማለት የተሰጠው ጊዜ መውረሱን ካወቀ ጀምሮ ስድስት ሳምንት ነው፤ ወራሹ ጊዜው ሲጀምር በውጭ አገር ቢሆን፣ እንደ ሐረሩ ልጅ ማለት ነው፣ ስድስት ወር ይሆናል። ሟቹ ወይም ወራሹ የጀርመን ነዋሪ ከሆነ የጀርመን የውርስ ግብር በሐረር ያለውንም ንብረት ይቈጥራል፤ ለልጅ 400,000 ዩሮ ድረስ ነጻ ሲሆን፣ ለወንድምና ለእኅት ግን 20,000 ዩሮ ብቻ ነው። ወራሹ መውረሱን ለግብር ቢሮ የሚያስታውቀው በሦስት ወር ውስጥ ስለ ሆነ፣ በፍራንክፈርት የውርስ ጠበቃ፣ በሐረር ደግሞ የቤቱን ካርታ የሚያይ ሌላ ጠበቃ በአንድ ጊዜ ቢያዝ ይሻላል።