ስለ ልክ ጽናት፤ ተደጋግሞ የተለካ ነገር መቼ ይታመናል?

«አሥር ጊዜ ለካ፤ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው አነጋገር የልብስ ሰፊ ምክር ብቻ አይደለም። መለካት ስሕተት የማይለየው ሥራ መሆኑን፣ ስሕተቱም የሚገለጠው ያው ነገር ዳግመኛ ሲለካ መሆኑን ያስተምራል። ይህ ጽሑፍ በሕክምናና በምርምር ሥራ አንድ ልክ ሲደጋገም ያንኑ ውጤት የመስጠት ጠባዩን፣ ይኸውም የልክ ጽናት የምንለውን፣ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ሕዝብን እየለካና እየጠየቀ ስለ ኑሮው የሚጽፈውን ሁሉ ይመለከታል።

አባቶቻችን ሸማውን በክንድና በስንዝር ሲለኩ፣ እህሉንም በቁና ሲሰፍሩ፣ ውጤቱ በለኪው አካልና እጅ የተወሰነ ነበር። የረጅም ሰው ክንድ ከአጭር ሰው ክንድ ስለሚበልጥ ገዢና ሻጭ አስቀድመው የሚስማሙት በማን ክንድ እንደሚለካ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መሬት በቀላድ ሲለካም ጋሻ የተባለው ስፋት ከአገር አገር ይለያይ ነበር። ዛሬ ሚሊ ሜትርና ኪሎ ግራም አንድ ሆነው ቢወሰኑም ችግሩ አልጠፋም። ልዩነቱ ከሦስት ምንጮች ይመጣል፤ እነርሱም ተለኪው፣ ለኪውና መለኪያው ናቸው።

ከተለኪው እንጀምር። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ላምበረት የተባለ ሰፈር ይገኛል። በአንድ ወገን የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ፣ በሌላው ወገን ወደ እንጦጦ ተራሮች የሚወጣው ዳገት አለ። ሌሊት ተነሥቶ ረጅም መንገድ የተጓዘ ሽማግሌ፣ ከተራራው እንጨት ተሸክማ የወረደች ሴትና ቡና ጠጥቶ የመጣ ጎልማሳ ባንድ ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ገብተው የደም ግፊታቸው ቢለካ፣ የሚጻፈው ቁጥር ድካሙን፣ ሸክሙንና ቡናውን ጭምር የያዘ ይሆናል። ስለዚህ ተለኪው ከ30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ቡናና ትምባሆ እንዳይቀምስ፣ 5 ደቂቃ ያህል ጀርባውን አስደግፎ በጸጥታ እንዲቀመጥ፣ ክንዱም በልቡ ትክክል እንዲያርፍ ታዟል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ተላላፊ ስላልሆኑ በሽታዎች አገር አቀፍ ጥናት የተደረገው በዓለም የጤና ድርጅት ሥርዐት ነበር፤ ይህም ሥርዐት የደም ግፊት 3 ጊዜ ተለክቶ የመጨረሻዎቹ የ2ቱ አማካይ እንዲወሰድ ያዛል። ሰው ገና ሳይረጋጋ የሚገኘው የመጀመሪያው ልክ ብዙ ጊዜ ከፍ ስለሚል ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ለኪው ነው። ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ያለው ሕፃን የግራ ክንዱ የመካከለኛው ክፍል ዙሪያ ከ115 ሚሊ ሜትር ሲያንስ በጽኑ የምግብ እጥረት እንደ ተጎዳ ተቆጥሮ ለሕክምና ይላካል። ክንዱ የሚለካው በትከሻና በክርን መካከል ትክክለኛው እኩሌታ ተፈልጎ ነው። አንዲት የጤና ሠራተኛ ሜትሩን ጥቂት ብታጠብቀው 114፣ ሌላዪቱ ብታላላው 116 ልታነብ ትችላለች። የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት በወረቀት ላይ ኢምንት ነው፤ ለእናቲቱ ግን ልጇ በሕክምናው መዝገብ መግባቱንና አለመግባቱን ይወስናል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣቸውን የሕፃናት ዕድገት መመዘኛዎች ያስገኘው ጥናት በ6 አገሮች ሲካሄድ፣ ሁለት ለኪዎች እያንዳንዱን ሕፃን ለየብቻቸው ይለኩ ነበር። ልዩነታቸው በክብደት ከ100 ግራም፣ በቁመት ከ7 ሚሊ ሜትር፣ በክንድ ዙሪያ ከ5 ሚሊ ሜትር ሲበልጥ ሁለቱም እንደ ገና እንዲለኩ ይገደዱ ነበር።

ሦስተኛው ምንጭ መለኪያው ራሱ ነው። መለኪያው ጥያቄ በሆነ ጊዜ ነገሩ ለቋንቋና ለባህል አጥኚ ይበልጥ ይቀርባል። ስለ ድብርት የሚጠየቀው ሰው «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ ወይም «ባር ባር አለኝ» ሊል ይችላል፤ እነዚህ ቃላት ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። ጠያቂው ትናንት በአንዱ፣ ዛሬ በሌላው ቃል ቢጠይቅ፣ መልሱ ቢለወጥ ጥፋቱ የተጠያቂው አይደለም። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት» የሚለው የጊዜ ወሰንም እንዲሁ ነው። ጊዜን በበዓላት ለሚቆጥር ክርስቲያን፣ ወሩ በገባ በ12 ከሚውለው ከሚካኤል በ27 እስከሚውለው እስከ መድኃኔ ዓለም ያለው 15 ቀን ከባዶ ቁጥር ይልቅ ትዝታን ይረዳል፤ ለሙስሊሙም ሁለት ጁምዓ መቁጠር ይቀለዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ማስታወሻ ለሁሉም ጠያቂዎች አስቀድሞ ካልተወሰነ ራሱ አዲስ የልዩነት ምንጭ ይሆናል።

በሁለቱ መለኪያዎች መካከል የሚኖረው ጊዜም ማሰብን ይጠይቃል። ጊዜው እጅግ ካጠረ ተጠያቂው የቀድሞ መልሱን አስታውሶ ይደግማል፤ ጽናቱም የማስታወስ ጽናት ይሆናል። እጅግ ከረዘመ ግን ሰውዬው ራሱ ይለወጣል። በዐቢይ ጾም የተመዘነ ሰው ከፋሲካ በኋላ ክብደቱ ቢጨምር ሚዛኑ ዋሽቷል አይባልም።

ስምምነት እንዴት ይቆጠራል? ሁለት የቁጥር ተርታዎች አብረው መውጣትና መውረዳቸው ብቻ አይበቃም። አንዱ ለኪ ዘወትር 5 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ተዛምዶው ፍጹም ሆኖ ይታያል፤ ልኮቹ ግን አንድም ጊዜ አይገጥሙም። ብላንድና አልትማን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጽሑፍ ልዩነቶቹ ራሳቸው እንዲመረመሩ ያሳሰቡት ስለዚህ ነው። የአጋጣሚ ስምምነትም መቀነስ አለበት። ሁለት ሐኪሞች 100 ሰዎችን ለየብቻ መርምረው 5ቱን ሁለቱም ሕሙማን፣ 85ቱን ሁለቱም ጤነኞች ቢሉ፣ በቀሩት 10 ላይ ግን እኩል በእኩል ቢለያዩ፣ በ90 ሰዎች ተስማምተዋል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ከመቶ 10 ሰው ብቻ ሕመምተኛ ስላሉ፣ በአጋጣሚ ብቻ በ82 ይስማሙ ነበር። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1960 ካፓ ብሎ ባቀረበው ስሌት፣ ከአጋጣሚ በላይ የሆነው 8 ሊገኝ ከሚቻለው 18 ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ 0.44 ብቻ ይሆናል።

በመጨረሻም ጽናት ከእውነት ጋር አንድ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ስለ ድብርት 9 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል 926 ተመላላሽ ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት ተደርጎበታል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ዳግመኛ ሲጠየቅ የተገኘው የጽናት ቁጥር 0.92 ነበር፤ ከፍተኛው 1 ስለ ሆነ ይህ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን በሐኪም ምርመራ ሲመዘን፣ መጠይቁ ድብርት ካለባቸው ከመቶ 86ቱን ሲለይ፣ ድብርት ከሌለባቸው ግን በትክክል የለየው ከመቶ 67ቱን ብቻ ነው። 33ቱ ሳይታመሙ ሕሙማን ተብለዋል ማለት ነው። ጐደሎ ቁናም ሁልጊዜ እኩል ይሰፍራል፤ እኩል መስፈሩ ሙሉ አያደርገውም።

እንግዲህ ወደ ላምበረትም ሆነ ወደ ሌላ ሰፈር ለጥናት የሚወጣ ተማሪ፣ ዋናውን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሰዎችን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ለኪዎች፣ በአንድ ዓይነት ቃል ለክቶ የልዩነቱን መጠን ከውጤቱ ጋር አብሮ ቢጽፍ ተገቢ ነው። ያለዚህ የሚቀርብ ቁጥር ምን ያህሉ ስለ ሕዝቡ፣ ምን ያህሉ ስለ ለኪው እጅ እንደሚናገር ማንም ሊለየው አይችልም።