ያብለጨለጨ መሪ ንጹሕ መሪ አይደለም፦ ያረጀ የመሪ ቆዳን ስለ ማደስ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ አሽከርካሪ የጎጀብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ዳገቱንና ጠመዝማዛውን የሚወጣው መሪውን አጥብቆ ይዞ ነው። ከቦንጋ ወደ ውሽውሽ፣ ወደ ጨና ወይም ወደ ዴቻ የሚወስዱት መንገዶችም ያንኑ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። በአብዛኞቹ የዓመቱ ወራት ዝናብ በማይጠፋበት በካፋ ዞን ደግሞ አሽከርካሪው ብዙ ጊዜ ወደ መኪናው የሚገባው በረጠበ እጅ ነው። በዚህ ምክንያት የመሪ ቆዳ መላጥ፣ መሙለጭለጭ ወይም የስፌቱ መፈታት ከመልክ ጉዳይነት አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

በአካባቢያችን ከሚንቀሳቀሱት አውቶሞቢሎች፣ ፒክአፖችና ሚኒባሶች መካከል ብዙዎቹ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ ተሽከርካሪዎችን ወደ አገር ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። መንግሥትም በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና በአግባቡ ጠብቆ ማቆየት ለባለንብረቱ ቀድሞ ከነበረው የበለጠ ዋጋ አለው። መሪን ማደስ በትዕግሥት ከተሠራ በቤት ውስጥ ሊከናወን የሚችል ሥራ ነው። በችኮላና ባልተገባ ነገር ከተሠራ ግን መሪውን ከቀድሞው የባሰ አንሸራታች ያደርገዋል።

ቆዳው ለምን ያረጃል?

የመኪና መሪ የሚለብሰው ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ የከብት ቆዳ ሲሆን፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከቆዳው በላይ ቀለም አለ፤ ከቀለሙም በላይ ውኃና ላብ እንዳይዘልቅ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ። አሽከርካሪው በየዕለቱ የሚነካው ይህንን ሽፋን እንጂ ቆዳውን አይደለም። «የመሪው ቆዳ አለቀ» ሲባል በብዙው ጊዜ ያለቀው ሽፋኑና ቀለሙ ነው፤ ቆዳው ግን ገና አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል።

ሽፋኑን ቀስ በቀስ የሚበላው የእጅ ላብ፣ የሰውነት ቅባትና አቧራ ሲደባለቁ የሚፈጥሩት ቆሻሻ ነው። በቡና ለቀማ ወቅት ከቀይ እሸት ቡና የሚወጣው የሚጣበቅ ፈሳሽ፣ በማር ቆረጣ ጊዜም የማሩ እድፍ ሳይታጠብ መሪ ላይ ካረፈ አቧራውን ይዞ ይደርቃል። የዚህ ቆሻሻ አታላይ ጠባይ ማብለጭለጩ ነው። የመሪ ቆዳ ከፋብሪካ ሲወጣ በአብዛኛው ደብዘዝ ያለና የማያንጸባርቅ ነው። ከጊዜ በኋላ እንደ መስተዋት የሚያበራው በላዩ የተከማቸው ቅባት ነው።

አልኮልም ሌላው ጠንቅ ነው። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የእጅ ማጽጃ አልኮል መጠቀም በስፋት ተለምዷል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው አንደኛው ቀመር የእጅ ማጽጃው 80 በመቶ ኤታኖል ይይዛል። ይህ ለእጅ የሚበጅ ፈሳሽ ሳይደርቅ መሪ ከተያዘበት የመሪውን ሽፋን ያለሰልሳል፤ ከተደጋገመም ይልጠዋል። እጅን ካጸዱ በኋላ እስኪደርቅ ጥቂት መጠበቅ በቂ መከላከያ ነው። የመሪው የላይኛው ክፍል ደግሞ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም በመስታወቱ በኩል በሚገባው ጨረር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም።

ቅቤ ለጠፍር እንጂ ለመሪ አይሆንም

ቆዳን በቅቤና በቅባት ማለስለስ ከአያቶቻችን የወረስነው ዕውቀት ነው። ጠፍር፣ አንቀልባና ቁርበት ቅባት እየተቀቡ በእጅና በእግር ታሽተው ይለፋሉ፤ ቆዳው የተከፈተ ስለሆነ ቅባቱን ይጠጣዋል። የመኪና ቆዳ የሚዘጋጀው ግን በሌላ መንገድ ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በዓለም በተስፋፋው ዘዴ አብዛኛው የፋብሪካ ቆዳ በክሮም ጨው ይለፋል፤ የመኪና ቆዳ ደግሞ ከዚያ በኋላ በመከላከያ ሽፋን ይዘጋል። በእንዲህ ያለው ቆዳ ላይ የተቀባ ቅቤ፣ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ በላዩ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አቧራ ይስባል፣ ይሸታል፣ ከሁሉም በላይ ግን መሪውን ያንሸራትታል።

የጫማ ቀለምም እንዲሁ ነው። ጫማ ላይ የሚያምረው ሰምና ቀለም መሪ ላይ ሲሆን በላብ እየቀለጠ ወደ እጅና ወደ ልብስ ይተላለፋል። ዳሽቦርድ ለማንጸባረቅ የሚረጨው ሲሊኮን ያለበት ፈሳሽ መሪ ላይ መዋል የለበትም። ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ቲነርና አኳራጅ ቆሻሻውን ከነሽፋኑ ስለሚያነሡ ለማጽጃ አይሆኑም።

በመጀመሪያ ምን እንደሆነ መለየት

ሁሉም መሪ ቆዳ የለበሰ አይደለም። በብዙ አሮጌ አውቶሞቢሎችና የጭነት መኪኖች ላይ ያለው መሪ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። ቆዳ የለበሰ መሪ በውስጠኛው ዙሪያው በኩል ስፌት ይታይበታል። ስፌት የሌለውና ከእርጅና የተነሣ የሚጣበቅ ፕላስቲክ መሪ በቆዳ ቀለም አይድንም፤ ከጸዳ በኋላም መጣበቁን ካልተወ አዲስ ቆዳ ማልበስ ይሻላል።

መሪው ቆዳ ከሆነ አንድ ጠብታ ውኃ በተላጠው ቦታ ላይ ማሳረፍ ብዙ ይናገራል። ውኃው ሳይሰርግ ከቆመ ሽፋኑ ገና አለ፤ ማጽዳት ብቻ ሊበቃ ይችላል። ውኃው ሰርጎ ቦታውን ካጠቆረው ሽፋኑ አልቋል፤ ቀለም መመለስ ያስፈልጋል። ቆዳው ተቀዶ ከሥሩ ያለው ላስቲክ ከታየ ወይም ስፌቱ ከተበጠሰ ደግሞ ቀለም መቀባቱ ችግሩን መሸፈን እንጂ መፍታት አይሆንም።

በመሪው መካከል ኤስ አር ኤስ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ካሉ ውስጡ ኤርባግ አለ። ኤርባግ በፈንጂ ኃይል የሚነፋ በመሆኑ መሪውን መፍታት የሠለጠነ መካኒክ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የተገለጸው እድሳት በሙሉ መሪው ሳይነቀል የሚሠራ ነው።

ማጽዳት

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶና የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ሥራው ይጀመራል። ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ሁለት ንጹሕ የጥጥ ጨርቆች ይበቃሉ። የፋብሪካ ቆዳ በተፈጥሮው አሲዳማነት ስላለው የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙናና በረኪና ያደርቁታል። የሕፃናት ገላ ሳሙና የተሻለ ምርጫ ነው።

ሳሙናው በሳህን ተመትቶ አረፋ ይወጣለታል፤ ቆዳውን የሚነካውም አረፋው ብቻ ነው። ውኃ በቀጥታ መሪው ላይ ማፍሰስ ወደ ክላክሱና ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ ሊገባ ስለሚችል አይገባም። በእጅ መዳፍ ስፋት ያህል ቦታ ብቻ እየተያዘ በብሩሹ በቀስታ ይታሻል፤ ወዲያውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ጨርቁ እየጠቆረ እስከ ወጣ ድረስ ሥራው አላለቀም፤ ሦስትና አራት ጊዜ መደጋገም የተለመደ ነው። ብዙ ባለንብረቶች ቀለም ያስፈልገዋል ብለው ያሰቡት መሪ በዚህ ደረጃ ላይ መልኩ ሊመለስ ይችላል።

በክረምት ተዘግቶ በቆመ መኪና ውስጥ ሻጋታ የያዘው መሪ በቅድሚያ በሮቹ ተከፍተው በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ከዚያም በተመሳሳይ መንገድ ይጸዳል። የጸዳ መሪ በጥላና በነፋስ ይደርቃል፤ ፀሐይም ሆነ የምድጃ ሙቀት ቆዳውን ያኮማትረዋል። በእኛ አካባቢ የክረምት እርጥበት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ሲያስፈልግም ሁለት ቀን መጠበቅ ተገቢ ነው።

ቀለምና ሽፋን መመለስ

ሽፋኑ ላለቀ ቆዳ የሚያስፈልገው በውኃ የሚበጠበጥ የቆዳ ቀለምና ከቀለሙ በኋላ የሚቀባ የማያብለጨልጭ መከላከያ ሽፋን ነው። የግድግዳ ወይም የብረት ቀለም ሲደርቅ ስለሚጠጥር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈረፈራል።

በመጀመሪያ የተላጠውና የሻከረው ቦታ ቁጥሩ 600 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም 1000 በሆነው በቀስታ ይለሰልሳል። ዓላማው የተነሡትን ጠርዞች ማስተካከል እንጂ ቆዳውን መፋቅ አይደለም። ብናኙ ከተጠረገ በኋላ የሚቀባው ቦታ አልኮል በነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ ይዳሰሳል፤ ቀደም ሲል ሽፋኑን ይጎዳል የተባለው አልኮል እዚህ ላይ የሚጠቅመው የቀረውን ቅባት አንሥቶ ቀለሙ እንዲይዝ ስለሚያደርግ ነው።

ጥልቅ ስንጥቅ ካለ ለቆዳ የተዘጋጀ ተጣጣፊ መሙያ በስሱ፣ በየመሐሉ እየደረቀ ይሞላል። ለመኪና አካል የሚውለው ስቱኮ መሪው በተጨበጠ ቁጥር ስለሚሰነጠቅ ለዚህ አይሆንም።

ስፌቱ፣ የፕላስቲኩ ክፍልና ክላክሱ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ይሸፈናሉ። ቀለሙ በትንሽ ስፖንጅ እየተነካካ በስሱ ይቀባል። የመጀመሪያው ዙር ቆዳውን በሙሉ አይሸፍንም፤ ይህም ትክክል ነው። ከአራት እስከ ስድስት ስስ ዙሮች፣ እያንዳንዱ ከደረቀ በኋላ ቀጣዩ እየተጨመረ፣ ከአንድ ወፍራም ዙር እጅግ ይበልጣሉ። በመጨረሻም መከላከያ ሽፋኑ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀባል። ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነካ መቆየት አለበት። ሙሉ በሙሉ እስኪጠነክር ግን አንድ ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ በእነዚያ ቀናት መሪውን በእርጥብ ወይም በቅባታማ እጅ ከመያዝ መቆጠብ ያስፈልጋል።

አዲስ ቆዳ ማልበስ

የተቀደደ መሪ በአዲስ ቆዳ ይሰፋል። አገራችን በዓለም ገበያ የምትታወቅበት የበግ ሌጦ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለእጅ ጓንት ተመራጭ ነው፤ ለመሪ ግን ከ1 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ በፋብሪካ የለፋ የከብት ቆዳ ይሻላል። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር መሆን አለበት፤ የጥጥ ክር በላብና በእርጥበት ይበሰብሳል። ቀዳዳዎቹ በወስፌ በእኩል ርቀት አስቀድመው ይበጃሉ፤ ቆዳውም ከመሪው ዙሪያ በጥቂቱ ጠበብ ተደርጎ ይቆረጣል። ተወጥሮ ሲሰፋ አጥብቆ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በገበያ ላይ የሚገኘው ተገፍቶ የሚጠለቅ የመሪ ልብስ ርካሽ ቢሆንም ልኩ ካልሆነ አደገኛ ነው። ልብሱ በመሪው ላይ የሚሽከረከር ከሆነ አሽከርካሪው በኩርባ ላይ ልብሱን ሲያዞር መሪው ሊቆምበት ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የመሪውን ስፋት መለካት፣ ከገጠሙም በኋላ በሁለት እጅ ጨብጦ በኃይል ማጠማዘዝ ይገባል። ከተንቀሳቀሰ ማውለቅ ነው።

ከጉዞ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

እድሳቱ ሲያልቅ ሦስት ነገሮች ይፈተሻሉ። አንደኛ፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በመሪው ላይ ይታሻል፤ ቀለም ከለቀቀ ሥራው ገና ነው። ሁለተኛ፣ መኪናው ቆሞ መሪው በእርጥብ እጅ ግራና ቀኝ ይዞራል፤ እጅ ከተንሸራተተ የተቀባው ነገር መነሣት አለበት። ሦስተኛ፣ ክላክሱ፣ የፍሬቻ ማዞሪያውና በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤርባግ ምልክት መብራት እንደ ቀድሞው መሥራታቸው ይታያል።

አዲስ ቆዳ የመሪን የውስጥ ሕመም እንደማያድንም መታወቅ አለበት። መሪው ጎማውን ሳያንቀሳቅስ ባዶውን የሚዞር፣ በጉዞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ወይም ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ ጉዳዩ የመካኒክ ነው፤ ቆዳው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከእድሳቱ በኋላ የሚያስፈልገው እንክብካቤ ቀላል ነው፦ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ በየሁለትና ሦስት ወሩ በሳሙና አረፋ ማጽዳት፣ ከቡና ለቀማና ከማር ቆረጣ መልስም እጅን ታጥቦ መሪ መያዝ።