አራት እርምጃ

ሰው ከደረጃ ሲወርድ ወይም በኳስ ሜዳ ሲሯሯጥ እግሩ ተጠማዝዞ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ እንደሆነ፣ ወለምታ ይሁን ስብራት ለይቶ አለማወቁ ከሕመሙ ይልቅ ልቡን ያስጨንቀዋል፤ ተደግፎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ከገባ በኋላም ራጅ ካልተነሣ በቀር የታከመ አይመስለውም። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ከሚመጡት ሕሙማን ከመቶው 15 ያህሉ እንኳ አጥንታቸው ተሰብሮ አይገኝም፤ የቀሩት ወረፋ ጠብቀውና ገንዘብ ከፍለው ቀድሞም ደኅና የነበረውን አጥንታቸውን አይተው ይመለሳሉ።

ይህን ነገር አጥብቆ የመረመረው ካናዳዊው የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ኢያን ስቲል ነው። በኦታዋ ከተማ ከባልደረቦቹ ጋር አከናውኖ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት፣ 750 ጎልማሶች ራጅ ከመነሣታቸው አስቀድሞ ሐኪሞች 32 ምልክቶችን እያዩና እየዳሰሱ መዘገቡ፤ ከዚያም መዝገቡ ከራጁ ጋር ሲተያይ አብዛኛው ምልክት እንደ ገለባ በነፋስ ተወሰደ። ሕመምተኛውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው እብጠት እንኳ፣ ራጅ የሚያስፈልገውን ለመለየት ከጥናቱ በወጣው ሕግ ውስጥ ስፍራ አላገኘም። የእኛ ወጌሻም በአውራ ጣቱ መዳሰስን ከአባቱ ተምሮ ኖሯል፤ የኦታዋ ሊቃውንት የጨመሩበት የተዳሰሰውን ሁሉ ጽፎ መቁጠርን ነው።

ሕጉም ይህ ነው፦ ቁርጭምጭሚቱን ያመመው ሰው፣ በውጭና በውስጥ ካሉት ሁለት ጉብታዎች በአንዱ ጫፍ ላይ፣ ወይም ከጫፉ ወደ ላይ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር በሚደርሰው የኋላ ጠርዙ አጥንቱ ሲጫኑት የሚያመው ከሆነ፣ አለዚያም በተጎዳ ጊዜና በሐኪሙ ፊት አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሣል። እያነከሰ የተራመደ እንደ ተራመደ ይቆጠርለታል። ለመሐል እግርም ተመሳሳይ ሕግ ወጥቶለታል።

ደራሲዎቹ በሥራቸው ተመክተው አልተቀመጡም፤ በመጀመሪያው ሕግ 55 ዓመት መሙላት ብቻውን ራጅ ያስነሣ የነበረ ሲሆን፣ በ1993 በታተመው ማሻሻያ ይህን ራሳቸው ሰርዘውታል። በ2003 በአንድነት የተመረመሩት 27 ጥናቶች ከ15,000 በላይ ሰዎችን የያዙ ሲሆኑ፣ ሕጉ ስብራታቸውን ሳያሳይ ያለፋቸው ከሺሁ ሦስት ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። ሆኖም ሕጉ የታነጸው ስብራት እንዳያመልጥ እንጂ ስብራት መኖሩን ለማጽደቅ ስላይደለ፣ ወደ ራጅ ከሚልካቸው ብዙዎቹ ጤነኛ አጥንት ያላቸው ናቸው፤ ይህን የሚነቅፉ አሉ፣ እኔ ግን ስሕተት ካልቀረ በዚህ በኩል መሆኑን እመርጣለሁ።

የሰከረ ሰው፣ በሌላ ከባድ ቁስል ሕመሙ የተሸፈነበት፣ ወይም እግሩ በስኳር በሽታ የደነዘዘ ሲሆን ጣት የሚጠይቀውን አካሉ በእውነት ስለማይመልስ ሐኪሙ በሕጉ አይታመንም። ያለ ራጅ የሚሰናበተውም ሰው ሳምንት ያህል ቆይቶ መራመዱ ካልቀናለት ተመልሶ እንዲመጣ ይነገረዋል።