ከግንቡ ጀርባ ያለው ውሃ

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ክረምት በገባ ቁጥር የማይቀር ወሬ አለ፦ የእገሌ ግንብ ተናደ። ለምን ተናደ ሲባል መልሱ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ «አፈሩ ገፋው»። ከዚህ የከፋ ማብራሪያ ማግኘት ይከብዳል። አፈሩማ ግንቡ ባለቀ ማግስትም ይገፋ ነበር፣ በጋውን ሙሉ ሲገፋ ከርሟል። ታኅሣሥን ቆሞ ያሳለፈ ግንብ ነሐሴ ላይ ሲወድቅ አፈሩን መውቀስ ምንም አለመናገር ነው። ሁለተኛው መልስ «ሲሚንቶ ቆጥበውበት ነው» የሚለው ነው። ይኼኛው ደግሞ ኪስ ይጎዳል፤ ባለቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ስሕተት በእጥፍ ሲሚንቶ ይደግመዋል። በታኅሣሥና በነሐሴ መካከል የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሃው። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረውም ለዚሁ ነው። ተዳፋት ላይ ባለ ግቢ ግንብ፣ ንጣፍና ደረጃ የምንላቸው ሥራዎች ከሁሉ በፊት የውሃ ሥራዎች ናቸው፤ ድንጋዩና ሲሚንቶው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ሥር ቁልቁል የወረደች ከተማ ናት። ሜዳ የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ሌላው ላዩን ቆርጦ፣ ታቹን ሞልቶ፣ የሞላውን በግንብ ደግፎ ነው ቤት የሚሠራው። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በበልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም። ከግንብ ጀርባ ያለ አፈር በደንብ የሚደርቀው ለጥቂት ወራት ነው ማለት ነው። የአካባቢው ቀይ አፈር ሳይነካ በቦታው እያለ ፍርፍር ያለ፣ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ነው። ተቆፍሮ፣ በጋሪ ተግዞ፣ ከግንብ ጀርባ ሲደፋ ግን ያ ፍርፍርነቱ ይጠፋል፤ ዝናብ ሲያገኘው ይላቁጥና ውሃውን አልለቅም ይላል። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ነሐሴ ላይ በጥድፊያ የሚሞላ ግቢ ከመነሻው በጭቃ ተሞልቷል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሁለት ሜትር የሚቆም፣ ከሥሩ 1 ሜትር ከ20፣ ከአናቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ የድንጋይ ግንብ እንውሰድ። የዚህ ግንብ አንድ ሜትር ርዝመት 3.7 ቶን ያህል ይመዝናል። ከጀርባው ያለው አፈር ደረቅ ከሆነ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ ወደ 1.2 ቶን ይገፋል። ግንቡ ከሥሩ ካለው መሬት ጋር በሚፈጥረው ፍትጊያ ብቻ የክብደቱን ግማሽ ያህል፣ ማለትም 1.8 ቶን ይቋቋማል። ስለዚህ ይቆማል፣ ትርፍም አለው። አፈሩ እስከ አናቱ ውሃ ሲሞላ ውሃው ብቻውን 2 ቶን ይገፋል። አፈሩ በውሃ ውስጥ ስለሚቀልል የእሱ ድርሻ ወደ 0.6 ቶን ይወርዳል፤ ድምሩ ግን 2.6 ቶን ነው። 1.8 የሚችል ግንብ በ2.6 ተገፋ። ያውም ከሥር የገባው ውሃ ግንቡን ወደ ላይ እያነሳ የራሱንም ክብደት ይቀንስበታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሲሚንቶ የሚባል ነገር አልተጠቀሰም። ሲሚንቶ ድንጋዩን ከድንጋይ ያያይዛል፤ ግንቡን ከመሬት ጋር አያያይዝም፣ ክብደቱንም ይህን ያህል አይጨምርም።

ከቁጥሩ ሳንወጣ አንድ ነገር እናክል፤ ባለቤቶች በየጊዜው የሚታለሉበት ነውና። የሁለት ሜትር ግንብ የአንድ ሜትሩ እጥፍ አይደለም። ግፊቱ በከፍታው ካሬ ስለሚያድግ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ግንቡን ለመገልበጥ የሚሞክረው ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ። ስለዚህ ቦታ ያለው ሰው አንዱን ረጅም ግንብ ትቶ በሁለት የአንድ አንድ ሜትር እርከን ቢሠራው ብልህነት ነው፤ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሜትር ያህል ቢተው፣ እዚያም ላይ እንሰት ወይም አበባ ቢተክልበት። እርከኖቹን አጠጋግቶ መሥራት ግን ራስን ማታለል ነው፤ የላይኛው ክብደት ታችኛው ላይ ያርፋል።

መፍትሔውን ለማስረዳት ከጀበና የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ጀበና ቡናውን ከነአተላው በሆዱ ይይዛል። ስንቀዳ አፉ ላይ ያለችው ማጥለያ አተላውን አስቀርታ ቡናውን ትለቃለች። ጥሩ ግንብም እንዲሁ ነው፤ አፈሩን ያስቀራል፣ ውሃውን ይለቃል። ከግንቡ እግር አጠገብ በየአንድ ሜትር ተኩሉ የሚገባው የፕላስቲክ ቱቦ የጀበናው አፍ ነው፤ ከጀርባው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሞላው ጠጠር ማጥለያው። ማጥለያ የሌለው ጀበና ሲኒው ውስጥ አተላ ያወርዳል፤ ጠጠር የሌለው ቱቦም ጭቃ ያወርዳል፣ ከኋላው አፈር ይጎድላል፣ በሁለተኛው ዓመት ንጣፉ ይሰምጣል። አፉ የተወተፈ ጀበና ሲፈላ ይገነፍላል፤ ቱቦው የተደፈነ ግንብም ውሃው በአናቱ ይዘልና እግሩን ይቦረቡረዋል። ጠጠሩ ራሱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው፤ ወፍራሙ ከግንቡ አጠገብ፣ መካከለኛው ቀጥሎ፣ ቀጭኑ ከአፈሩ ጋር፣ ደቃቁ አፈር ወፍራሙን እንዳይደፍነው። ማቶትም አለው፤ ጀበና ያለ ማቶት እንደሚንከባለል ግንብም መሠረቱ ወደ ጠንካራው መሬት ካልወረደ ይንጋደዳል። ጀበናው የሚታጠብበት ቀን እንዳለው ሁሉ ቱቦውም ከበልግ በፊት በሽቦ መጠረግ አለበት። ረከቦቱ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ንጣፉ ነው እለዋለሁ፤ እሱን ግን አጥብቄ አልከራከርበትም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ቱቦው ለምን ይደፈናል? ለማማር ነው። እዚህ ላይ ንዴቴን አልደብቅም። ግንበኛው ድንጋዩን አሳምሮ ይጠርባል፣ ፊቱን በፖይንቲንግ ያስውባል፣ መጋጠሚያውን ጥቁር ይቀባል፤ ከዚያ ባለቤቱ መጥቶ «እነዚህ ቀዳዳዎች ምንድን ናቸው? አይጥ ይገባባቸዋል፣ ግድግዳውን ያቆሽሹታል» ይላል። በሲሚንቶ ይመረጋሉ። ግንቡ ያን ቀን ግድብ ሆነ፤ ግድብ እንዲሆን ግን ማንም አላሰላውም። አይጡን ቱቦው አፍ ላይ የሚታሰር ወንፊት ሽቦ ይከለክለዋል። ከቱቦው ሥር ወደ ታች የሚወርደው ቀላ ያለ መስመርም ግንቡ እየሠራ መሆኑን የሚነግር ምልክት ነው። መፍራት ያለብን ተቃራኒውን ነው፤ ከሦስት ቀን ዝናብ በኋላ ጠብታ የማይታይበትን፣ ግን መካከሉ ላይ ሆዱ ወጣ ያለና ፖይንቲንጉ በአግድም የተሰነጠቀ ንጹሕ ግንብ።

«የድሮ ሰዎች ያለ ቱቦ ይሠሩ ነበር» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ኮንሶ ይጠቀሳል፣ የወላይታው ንጉሥ የካዎ አማዶ ካብም ይጠቀሳል። ሁለቱን አንድ ላይ መጥራት ራሱ ስሕተት ነው። የአማዶ ካብ የመከላከያ ካብ ነው፤ ጠላት እንዳያልፍ ቆመ እንጂ አፈር እንዲደግፍ አልቆመም። የኮንሶ እርከን ግን ትክክለኛ ምስክር ነው፤ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር ውስጥ ካቦቹ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ። ሲሚንቶ የላቸውም። ቱቦ የላቸውም መባሉ ግን እውነት አይደለም፤ ካቡ በሙሉ ቱቦ ነው። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ውሃ ያሳልፋል፣ ከጀርባ የገባው ስብርባሪ ድንጋይ ያጠልላል፣ በየዓመቱም ባለቤቱ የወደቀውን መልሶ ይክባል። እኛ ከኮንሶ ድንጋዩን ወስደን ክፍተቱን በሲሚንቶ ከደፈንነው የወሰድነው መልኩን ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ለሚቆም ግንብ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ተደርጎ የተካበ ደረቅ ካብ ከሲሚንቶው ግንብ ይሻላል፣ ይረክሳልም። ይህን ስል ብዙ ግንበኞች ያኮርፋሉ። ሥራው ድንጋይ መምረጥና ማገናኘት ስለሚጠይቅ ቀን ይፈጃል፤ ሲሚንቶ ግን የማይገጥመውን ሁሉ ይሸፍናል።

«ብረት ያለው ኮንክሪት ይሠራና እንገላገል» የሚለውም መልስ ያስፈልገዋል። ኮንክሪት ጠንካራ ነው፣ ውሃ ግን አያሳልፍም። ስለዚህ ጠጠሩና ቱቦው ከድንጋዩ ግንብ ይልቅ ለእሱ የግድ ናቸው፤ ካልተደረጉለት መሐንዲሱ ሙሉውን የውሃ ግፊት ቆጥሮ ብረቱን መጨመር አለበት፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይንራል። ከሁለት ሜትር በላይ ለሚሆን ማንኛውም ግንብ ደግሞ መሐንዲስ ይጠራ፤ ይህ መጽሐፍ አይተካውም። ለሌላ ነገርም አይተካውም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል፤ የመጀመሪያዎቹን ለማውጣት የሮጡት ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እዚሁ ወላይታ፣ ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ውስጥ ናዳ ሰው ገደለ። ምክንያቱ ያው በውሃ የጠገበ አፈር ቢሆንም፣ ሙሉ ተራራ ሲንቀሳቀስ የግቢ ግንብ የሚያቆመው ነገር የለም። ከቤትዎ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፎች ከተጋደሙ፣ ባልነበረበት ምንጭ ከፈለቀ ቤተሰቡን ይዞ መውጣት እንጂ ግንበኛ መጥራት አይደለም።

ወደ ንጣፉ እንሂድ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 100 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 3,000 ሊትር ይሆናል፤ 15 በርሜል። አሸንዳው ይህን ሁሉ በአንድ ጥግ ንጣፉ ላይ ካፈሰሰው፣ ንጣፉም ወደ ግንቡ ካዘነበለ፣ ግንቡን በገዛ እጃችን እያጠጣነው ነው። ስለዚህ ንጣፉ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይውረድ፤ የሚወርድበትም አቅጣጫ ወደ ጎን፣ ወደ ቦዩ እንጂ ወደ ግንቡ ጀርባ አይሁን። ሊሾ ወይስ ኮብልስቶን? ኮብል በዘጠናዎቹ መጨረሻ ወደ ከተሞቻችን ከገባ ወዲህ በየግቢው ተወዷል፤ እኔም እወደዋለሁ። መሬቱ ትንሽ ሲሰምጥ ኮብሉ ተነቅሎ ይስተካከላል፣ ሊሾ ግን ይሰነጠቃል። ችግሩ በመጋጠሚያው ውሃ ማስረጉ ነው፤ ከግንብ በላይ ሲነጠፍ ያ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አሁን እናውቃለን። ከግንቡ ወዲህ ባለው የመጀመሪያ አንድ ሜትር ላይ ሊሾ፣ ከዚያ ወዲያ ኮብል ማድረግ ይቻላል። የተሞላው አፈር ከ20 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ንብርብር እየተጠቀጠቀ ካልተሞላ ግን የቱም አይረዳም።

ደረጃን ሁሉም የሚያውቀው ስለሚመስለው ነው የሚበላሸው። ፈረንሳዊው አርክቴክት ፍራንሷ ብሎንዴል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የደረጃው ከፍታ ሁለት ጊዜ፣ ሲደመር መርገጫው፣ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር። ለግቢ 15 ከፍታና 34 መርገጫ ምቹ ነው፤ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ልዩነቱን በጉልበቱ ያውቀዋል። 1 ሜትር ከ80 ለመውጣት 12 ከፍታና 11 መርገጫ ይፈልጋል፤ ወደ 3 ሜትር ከ75 የሚጠጋ ቦታ። ቦታው ከሌለ ደረጃውን በማጠፊያ መክፈል ይሻላል፣ ከፍታውን ከመጨመር። በጣም የተለመደው ስሕተት ግን ይህ ነው፤ ደረጃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ታች 5 ሳንቲ ሜትር ሊሾ ይፈስሳል፣ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ ይጨመራል። የመጀመሪያው ደረጃ 10 ይሆናል፣ የመጨረሻው 18፣ የመካከሎቹ 15 እንደሆኑ ይቀራሉ። እግር የመካከሎቹን ደረጃዎች ሲረግጥ የተማረውን ነው የመጨረሻው ላይ የሚደግመው፤ እንግዳ ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ይደናቀፋል፣ ባለቤቱም «አይተህ ሂድ» ይላል። ውሃውንም አንርሳ። ከላይኛው ንጣፍ የሚወርድ ጎርፍ ደረጃውን እንደ ፏፏቴ እንዳይጠቀምበት ከአናቱ ላይ ተሻጋሪ ቦይ ይቆረጥ፤ ውሃ እንዳያቁር ደግሞ እያንዳንዱ መርገጫ ወደ ፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ያዘንብል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ውሃውን ከግንቤ ጀርባ አወጣሁት፤ ከዚያስ? ከበታች ያለው ጎረቤት እውነቱን ነው የሚጮኸው፤ የኔ ግንብ እግር የእሱ ቁራጭ መሬት አናት ነው፣ ከኔ ቱቦ የወጣው ሁሉ ከእሱ ግንብ ጀርባ ይገባል። መንገድ ዳር የከተማው ቦይ ካለ ቱቦዎቹን ከግንቡ እግር በሚሄድ አንድ የተነጠፈ ቦይ ሰብስቦ ወደዚያ መውሰድ ነው። ከሌለ በወሰኑ ላይ ለሁለት የሚያገለግል ቦይ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ከጎረቤት ጋር መነጋገሪያው ጊዜ ጥር ነው፣ መሬቱ ደርቆ፣ ማንም በማንም ሳይናደድ፣ ሲባጎው ተወጥሮ ውሃው የሚሄድበት አቅጣጫ ለሁለቱም በዓይን እየታየ።